ገበያ ሲቀዘቅዝ የሚደራው ሥራ

እንደሚታወቀው የአንድ ኅብረተሰብ የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ በሚዳከምበት ጊዜ ችግሩ በሁሉም ደጃፍ እኩል አይቆምም። ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበለው ሠራተኛ፣ ዕለቱን ሠርቶ ዕለቱን የሚበላው የቀን ሙያተኛና እህሉን ሸጦ ጨውና በርበሬ የሚሸምተው ገበሬ ኑሮው ሲጠብበት፣ በዚያው ወራትና በዚያው መንደር ሥራው የሚደራለት፣ ደንበኛው የሚበረክትለት፣ መደብሩን የሚያሰፋም አለ። ይህ ለብዙዎቻችን የዕድል ወይም የብልጠት ጉዳይ መስሎ ይታየናል። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን የራሱ ምክንያትና የራሱ ሕግ ያለው ክስተት ሆኖ እናገኘዋለን።

ለመሆኑ በክፉ ቀን የሚደራው ሥራ የትኛው ነው? የሚደራውስ በምን ምክንያት ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ በችግር ጊዜ ያተረፈ ሁሉ በችግረኛው ላይ ያተረፈ ነውን? እነዚህን ጥያቄዎች አጥርቶ መመለስ ለሰፈር ማኅበር አባላትና ለሠራተኞች የወሬ ማሟያ አይደለም። ምክንያቱም መልሱን ያላወቀ ማኅበር ሊደግፈው የሚገባውን ሙያተኛ በጥርጣሬ ዓይን ሲመለከት፣ ሊጠነቀቀው የሚገባውን አትራፊ ግን እንደ ባለውለታ ያመሰግነዋል።

ለጥያቄዎቹ መልስ ለመሻት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ በአንጎለላና ጠራ ወረዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ደብረ ብርሃን ከመድረሱ በፊት የምትገኘውን ጫጫን መመልከት ይበቃል። ጫጫ ትንሽ ከተማ ብትሆንም ሁለት ዓለም የሚገናኝባት ናት። በአንድ በኩል ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚያመርት፣ በግና ላም የሚያረባ ደገኛ ገበሬ ይከብባታል። በሌላ በኩል አውራ ጎዳናው የውጭውን ዓለም ዋጋ ዕለት በዕለት ያመጣላታል። የነዳጅ ዋጋ ሲንር የጭነት መኪናው ኪራይ ይንራል፤ የኪራዩም ጭማሪ በማዳበሪያው፣ በዘይቱና በሳሙናው ላይ ይታከላል። ስለሆነም በሩቅ ወደብ የተነሣው የዋጋ ማዕበል በጫጫ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲያርፍ በግልጽ ይታያል።

የእኛ አገር ድቀት መልክ

በበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ድቀት ሲባል ፋብሪካው ገዢ አጥቶ የሚዘጋበት፣ ዕቃው በመጋዘን ተከማችቶ ሠራተኛው የሚበተንበት ሁኔታ ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መልክ አይመጣም። አንድም በድርቅ፣ አንድም በጦርነት፣ አንድም በውጭ ምንዛሪ እጥረትና በዋጋ ንረት ተመስሎ ይመጣል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አጠቃላይ የዋጋ ንረቱ ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወረቀት ላይ የዕድገት አኀዝ እየተመዘገበም ቢሆን ደመወዙ ባለበት ቆሞ የሸቀጡ ዋጋ የሮጠበት ሠራተኛ በኑሮው የሚያውቀው ድቀትን ነው።

እንዲህ ባለው ወቅት አንድ ቤተሰብ ሦስት እርምጃዎችን በተራ ይወስዳል። የመጀመሪያው ማዘግየት ነው። ሊገዛ የታሰበው ጫማ ለፋሲካ፣ ለፋሲካ የታሰበው ለእንቁጣጣሽ ይተላለፋል። ሁለተኛው ማደስ ነው። ያረጀው ይሰፋል፣ ይበየዳል፣ ይጠገናል። ሦስተኛው ዝቅ ማለት ነው። ከጤፍ ወደ ገብስ፣ ከቢራ ወደ ጠላ፣ ከኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ ኩበት ይወረዳል። ከእነዚህ ከሦስቱ እርምጃዎች ማዘግየት የአዲስ ዕቃ ሻጩን ገበያ ያቀዘቅዛል። ማደስና ዝቅ ማለት ግን ለሌላ ሰው በር ይከፍታሉ። በክፉ ቀን የሚደራው ሥራ ምሥጢሩ ያለው በእነዚህ በሁለቱ በሮች ላይ ነው።

የሚጠግን እጅ

ልብስ ሰፊውን እንውሰድ። በደህና ቀን ልብስ ሰፊው አዲስ ጨርቅ ይለካል፣ ይቆርጣል። በክፉ ቀን ግን የሲንጀር መኪናው የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝ ኮሌታው ተገልብጦ ይሰፋል፤ የአባት ሱሪ ጠብቦና አጥሮ ለልጅ ይሆናል፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እጅጌው ይረዝማል። ጫማ ሰፊውም እንዲሁ ነው። በአውራ ጎዳናው ዳር ያለው ጎሚስታ ባለ መኪናው አዲስ ጎማ መግዛት ባቃተው ቁጥር አሮጌውን ደጋግሞ ይለጥፋል። ጎማው ከዚያ በላይ አልሆን ሲል ደግሞ በሌላ ሙያተኛ እጅ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። ሌጦው እንኳ ተሠንጥቆ ለጭነት ማሠሪያ ይውላል። በዘመናችን ከእነዚህ ጎን የተሰለፈው የሞባይል ስልክ ጠጋኙ ነው። የስልክ መስታወትና ባትሪ መቀየር ዛሬ በየትናንሹ ከተማ የወጣቶች እንጀራ ሆኗል።

ይህ ሰንሰለት እስከ አዲስ አበባ መርካቶ ይዘልቃል። በየመንደሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ወጣት የሚሰበስበው ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና ብረት ምናለሽ ተራ ከሚገኙት ቀጥቃጮች ዘንድ ይደርሳል። እዚያ በርሜሉ ምድጃ፣ የቆርቆሮው ቁራጭ ማንቆርቆሪያ፣ የመኪናው ብረት የእርሻ መሣሪያ ይሆናል። ምናለሽ ተራ ትልቅ ፋብሪካ የማይሠራውን ሥራ የሚሠራ፣ አገሪቱ አንድ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ የገዛችውን ብረት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የሚያገለግል የሚያደርግ ግዙፍ የእጅ ሥራ ማዕከል ነው።

የዚህ ሥራ መድራት ምክንያቱ ምንድን ነው? ጉዳዩን በጥሬው እንየው። ከውጭ የሚመጣው አዲስ ዕቃ የሚሸጠው በዶላር ተሰልቶ ነው። የጠጋኙ እጅ ዋጋ ግን የሚተመነው በአካባቢው እንጀራና ሽሮ ዋጋ ነው። ብር ሲረክስ የአዲሱ ዕቃ ዋጋ ወዲያው ይወነጨፋል፤ የእጅ ዋጋ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር ማስጠገን ከመግዛት ይሻላል። ስለዚህ ጠጋኙ የሚደራለት በደንበኛው ላይ ዋጋ ስለጨመረ ሳይሆን፣ ደንበኛውን ከከፋ ወጪ ስላዳነው ነው። ሲያተርፍ ደንበኛውም አብሮ ይተርፋል። ይህን ነጥብ አጥብቀን እንያዘው፤ ኋላ ይጠቅመናልና።

ምጣዱ፣ ማገዶውና ማድጋው

ሁለተኛው በር ዝቅ የማለት በር ነው። እዚህ ላይ የጫጫ ደጋ የራሱ ሀብት አለው። የጤፍ ዋጋ ሲሰቀል ገብስ ከእንጀራው ይደባለቃል፤ ቆሎው፣ በሶውና ቂንጬው የቁርስና የምሳ ቦታ ይይዛሉ። የታሸገ ዱቄት መግዛት ያቃተው ቤተሰብ እህል ገዝቶ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳልና ባለ ወፍጮው በክፉ ቀን ሥራ አያጣም። በደረቅ እህል ንግድ፣ በቆሎና በበሶ ሽያጭ የሚተዳደሩ እናቶችም እንዲሁ።

ማገዶው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ደጋው ብርድ ነው፤ ዛፉም ጥቂት ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ በሸዋ ደጋ ከተስፋፋ ወዲህ ችግሩን ቢያቃልልም፣ የዚህ አካባቢ ሕዝብ ዋና ማገዶ ኩበት ሆኖ ቆይቷል። በበጋ ወራት ሴቶች ኩበቱን ጠፍጥፈው፣ አድርቀውና ከምረው ለቤት የሚበቃቸውን አስቀርተው ሌላውን ለከተማ ነዋሪ ይሸጣሉ። በደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የከብት እርባታ ማዕከል ባካሄደው ጥናትም ኩበት ለገበሬው ቤተሰብ ማገዶ ብቻ ሳይሆን የጥሬ ገንዘብ ምንጭም እንደነበረ ተመዝግቧል። ኬሮሲንና ከሰል በተወደደ ቁጥር የኩበት ገበያ መድራቱ የማይቀር ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ትርፍ ነጻ ትርፍ አይደለም። ኩበት ሆኖ የነደደው ፍግ ወደ ማሳው ያልተመለሰ ፍግ ነው። ማዳበሪያ በተወደደበት ዓመት ኩበቱም ይወደዳል፤ ገበሬው ማዳበሪያ መግዛት ሲያቅተው የመሬቱን የተፈጥሮ ማዳበሪያ ሸጦ ጨው ይገዛል። የዘንድሮው ገቢ ከመጪው ዓመት ገብስ ላይ የተበደረ ነው ማለት ነው። በክፉ ቀን የሚደራን ሥራ ስንመዝን ዛሬ ያስገኘውን ብቻ ሳይሆን ከነገ ላይ የወሰደውንም መቁጠር ይገባል።

ከዚሁ ጋር የአረቄንና የጠላን ጉዳይ ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። ባሏን ያጣች ወይም መሬት የሌላት ሴት በትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ መነሻ ገንዘብ ልትጀምረው የምትችለው ሥራ ጥቂት ነው። ማድጋ፣ ጌሾ፣ ብቅልና የእጅ ሙያ ግን አላት። በዚህ ሥራ ልጆች ተምረዋል፣ ቤት ተሠርቷል። አተላው እንኳ ከብት ያደልባል። ሆኖም አረቄ ማውጣት ብዙ ማገዶ ይፈጃል፤ እህል ባጠረበት ዓመት ደግሞ ለምግብ የሚሆነውን ገብስ ወደ ብርሌ ያወርዳል። ገዢውም የተጎሳቆለውን ኪሱን ይዞ የሚመጣው ለጥቂት ሰዓት ጭንቀቱን ለመርሳት ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ ስንመለከት ጠማቂዋን መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ሊጠየቅ የሚገባው ሙያዋን ወደ በሶ፣ ወደ ዳቦ፣ ወደ ወተት ሥራ እንዳታሸጋግር መነሻ ገንዘብ የነፈጋት ሁኔታ ነው።

የውጭው ዓለም ምን ያሳያል?

እስካሁን ያየነው በአንድ አውራ ጎዳና ዳር ከተማ የሚታየውን ነው። ይኸው ሕግ በትልቁ ዓለምም እንደሚሠራ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ በ1933 ጣሪያው ላይ በደረሰ ጊዜ በአሜሪካ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። በዚያው ዓመት አንድ ታላቅ የሳሙና አምራች ኩባንያ ማስታወቂያውን ከመቀነስ ይልቅ ለቤት እመቤቶች የሚቀርብ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ በገንዘቡ ያስተላልፍ ጀመር። ሰው መኪና መግዛት ቢተው እንኳ ሳሙና መግዛት እንደማይተው ኩባንያው ተረድቶት ነበር። ከዚህ የተነሣ እንዲህ ያሉት ተከታታይ ድራማዎች እስከ ዛሬ በሳሙና ስም ይጠራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም የፋይናንስ ቀውስ በፈነዳ ጊዜም በታወቀው የዳው ጆንስ የአክሲዮን መለኪያ ውስጥ ከሚገኙት ሠላሳ ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች መካከል ዓመቱን በአክሲዮን ዋጋ ጭማሪ የጨረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። እነርሱም በርካሽ ዋጋ ሸቀጥ የሚቸረችረው ዋልማርትና ርካሽ ምግብ የሚሸጠው ማክዶናልድስ ናቸው። መካከለኛ ኑሮ የነበረው አሜሪካዊ አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል ከታች ሆነው የተቀበሉት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ።

እዚህ ላይ ግን ከጫጫ ጫማ ሰፊ ጋር ያለው ልዩነት ልብ ሊባል ይገባዋል። ጫማ ሰፊው ያተረፋትን ሳንቲም እዚያው ከተማ በርበሬና ዱቄት ይገዛባታል። የግዙፉ ኩባንያ ትርፍ ግን ከገዢው መንደር ወጥቶ ባለአክሲዮኑ ወዳለበት ይሄዳል። ስለዚህ በክፉ ቀን የደራውን ሥራ ስንመለከት «ምን ይሸጣል?» ብለን ብቻ ሳይሆን «ትርፉ የት ይቀራል?» ብለንም መጠየቅ ይኖርብናል።

እጥረትን የሚሸጡ

እስካሁን የተመለከትናቸው፣ ጉድለታቸው እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ጉልበትና ሙያ የሚሸጡ ናቸው። በክፉ ቀን የሚደራ ሌላ ንግድ ደግሞ አለ። እርሱ የሚሸጠው እጥረቱን ራሱን ነው።

የዚህን ንግድ አሠራር ለመረዳት ጫጫ የቆመችበትን ያንኑ መንገድ እንመልከት። በ1964 እና በ1966 ዓ.ም. መካከል በወሎ የደረሰው ረኀብ ስንት ሕዝብ እንደፈጀ የሚዘነጋ አይደለም። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሕንዳዊው ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረኀብ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ረኀብ መርምረዋል። የደረሱበትም ድምዳሜ አስደንጋጭ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የነበረው ምግብ ያን ያህል አልወደቀም፤ የደሴም የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም። እንዲያውም ሕዝቡ እየተራበ ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር የሚያመለክት መረጃ አቅርበዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገበሬው ምርቱን ሲያጣ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጥቷል። ከብቱን ለገበያ ሲያወጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወጣልና የከብት ዋጋ ይወድቃል። እህል ደግሞ የራበው ወዳለበት ሳይሆን ገንዘብ ወዳለበት ይጓዛል። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው መንገድ ጣርማበርን አልፎ፣ ደብረ ብርሃንን ተሻግሮ የሚያልፈው በዚችው በጫጫ በኩል ነው።

በዚያ ዘመን ያተረፈው ማን ነበር? ከብትን በወደቀ ዋጋ የገዛ፣ እህልን ዋጋ ወዳለበት ያሻገረና ገንዘብን በአራጣ ያበደረ ነበር። የተራበው ሰው ሲደኸይ እነርሱ የከበሩት አዲስ ነገር ስላመረቱ ሳይሆን የሌላው አቅም ማጣት የዋጋ መሣሪያ ስለሆነላቸው ነው።

የዚህ ዓይነቱ ንግድ መልኩን እየለዋወጠ እስከ ዘመናችን ዘልቋል። አዝመራው ሳይደርስ በሰኔና በሐምሌ ለቸገረው ገበሬ ጥቂት ብር ሰጥቶ በታኅሣሥ እህሉን በተራቆተ ዋጋ የሚረከበው ነጋዴ አንዱ ነው። አራጣ አበዳሪው ሌላው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግል ብድር ላይ ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉትን ወለድ በዓመት በ12 በመቶ ወስኗል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ አራጣን በወንጀል ያስቀጣል። ሕጉ ግን የሚደርሰው የተበደረው ሰው ሲናገር ነው፤ የቸገረው ደግሞ ነገ ተመልሶ የሚበደርበትን በር በገዛ እጁ አይዘጋም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ማግስትም የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ፣ የአልኮልና የፊት መሸፈኛ ዋጋ ምን ያህል እንደዘለለ፣ ባለሥልጣናትም ስንት ሱቅ እንዳሸጉ የምናስታውሰው ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ያው ነጭ ሽንኩርት ነበር። የተለወጠው የገዢው ፍርሃት ብቻ ነው።

እንግዲህ መመዘኛው በእጃችን ገብቷል። በክፉ ቀን ያተረፈውን ሰው «ስንት አተረፍህ?» ብለን ብቻ አንጠይቀው። «የሸጥኸው ጉልበትህን ነው ወይስ እጥረታችንን?» ብለን እንጠይቀው። ጠጋኙ ሥራውን ቢያቆም እጥረቱ ይብስብናል። ደባቂው ሥራውን ቢያቆም ግን እጥረቱ ይቃለልልናል። ከዚህ የበለጠ ቀላልና የማያሻማ ሚዛን የለም።

ሚዛኑን ስንጠቀም

ይሁንና ሚዛን በእጅ መኖሩ ብቻውን ትክክለኛ ፍርድ አያሰጥም። እህል ያስቀመጠ ሁሉ ደባቂ አይደለም። ገበሬው በጎተራው፣ ነጋዴው በመጋዘኑ ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ እህል ባያቆይ ኖሮ ከተሜው በክረምት የሚበላው ባልነበረው። በምርት ጊዜ ገዝቶ በእጥረት ጊዜ የሚያወጣ ነጋዴ ለማከማቻው፣ ለነቀዙና ለገንዘቡ ተገቢ ዋጋ ቢጠይቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ጥፋቱ የሚጀምረው ሕዝቡ እየፈለገው፣ ዋጋውም ወጪውን እየሸፈነለት፣ ይበልጥ እስኪወደድ በሩን ሲዘጋ ነው።

ሌላው ልንዘነጋው የማይገባ ትምህርት ከራሳችን ታሪክ የተገኘ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ምርት ገበያ ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ገበሬውና ነጋዴው በመንግሥት በተወሰነ ዋጋ ኮታ እንዲያስረክቡ ተደርጎ ነበር። ዓላማው ከተሜውን ከስግብግብ ነጋዴ ማዳን ነበር። ነገር ግን የተወሰነው ዋጋ ከገበያው በታች በመሆኑ ገበሬው ተጎዳ፤ በየኬላው ፍተሻ ቢደረግም እህል በሌሊት በአህያ ይሻገር ጀመር። እጥረትን ሊያጠፋ የወጣው ደንብ ራሱ አዲስ የእጥረት ነጋዴ ወለደ። ያ አሠራር በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀ ጊዜ ቀረ። በ2003 ዓ.ም. በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ በተጣለበት ጊዜም ሸቀጦቹ ከመደርደሪያ እየጠፉ ስላስቸገሩ ጣሪያው ከብዙዎቹ ላይ በዚያው ዓመት ተነሥቷል። ከዚህ የምንማረው ደባቂን በማውገዝና በር በማሸግ ብቻ እጥረት እንደማይወገድ ነው። እጥረት የሚወገደው ዕቃው ሲኖርና ሕዝቡ ራሱ ዕቃውን የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ሲኖረው ነው።

ስለ ልባሽ ጨርቅም አንድ ቃል እንበል። ለንግድ የሚገባ ልባሽ ጨርቅ በአገራችን የተከለከለ ነው፤ ሆኖም በኮንትሮባንድ በቦንዳ እየገባ በየገበያው ይሸጣል፤ ኑሮ በከበደ ቁጥርም ይደራል። ገዢው ሕዝብ በብርድ አገር ልጁን ለማልበስ ርካሹን ቢመርጥ የሚፈረድበት አይደለም። ሆኖም በዚያው ደጋ ከበግ ጠጉር ባና የሚሠሩ የመንዝ ሸማኔዎች አሉ፤ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካም ለደጋው ብርድ ታስቦ የተሠራ ነበር። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በልባሽ ልብስ ላይ ቀረጡን ከፍ ስታደርግ አሜሪካ በ2018 የልብሷን ምርት ከቀረጥ ነጻ ገበያዋ አግዳባታለች። የአንድ ሸሚዝ ርካሽነት በስተጀርባው ምን ያህል የኃያላን ጥቅም እንዳለ ይህ ያስረዳል። ልባሹን ለማስቀረት የተሻለው መንገድ ገዢውን ማሳደድ ሳይሆን የአገር ውስጡን ልብስ በአቅሙ ልክ ማቅረብ ነው።

የጠጋኙ ሲሳይ ምን ያህል ነው?

አሁን ወደ ልብስ ሰፊውና ወደ ጎሚስታው እንመለስ። በክፉ ቀን ሥራቸው ደራ ስንል ባለጸጋ ሆኑ ማለታችን አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ክሩም፣ መርፌውም፣ ማስቲሹም፣ የስልኩ መስታወትም ከውጭ የሚመጡ ናቸውና የእነርሱም ወጪ አብሮ ይጨምራል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከሥራ የተቀነሰውና ከገጠር የፈለሰው ወጣት ሁሉ ትንሽ ካፒታል ወደሚጠይቀው ወደዚሁ ሥራ ይጎርፋል። ትናንት አንድ ጎሚስታ በነበረበት መንገድ ዛሬ ሦስት ይቆማሉ። ሥራው በጠቅላላው ሲሰፋ የአንዱ ድርሻ ይቀጥናል። «ጥቃቅን ንግድ ደራ» የሚለው ዜና ብዙ ጊዜ «ብዙ ሰው ሌላ መግቢያ አጣ» ማለት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በመሆኑም እውነተኛው ጥያቄ ይህ ነው፦ በክፉ ቀን የተገኘው የእጅ ሙያ ደህና ቀን ሲመጣ የት ይደርሳል? ጠጋኙ ለብቻው ከቀረ ገበያው ሲያንሰራራ ደንበኛው አዲስ ዕቃ መግዛት ይጀምርና እርሱ ሥራ ይፈታል። ሙያው ከተደራጀና መሣሪያ ካገኘ ግን ጠጋኙ ወደ አምራችነት ያድጋል። የተቀደደ የሚሰፋው ዩኒፎርም አምራች፣ ብረት የሚበይደው የእርሻ መሣሪያ ሠሪ፣ ወተት የምትሸጠዋ የአይብና የቅቤ አቀናባሪ የማይሆኑበት ምክንያት የለም።

የማኅበራችን ድርሻ

ከዚህ አንጻር የሰፈር ማኅበራትና ሠራተኞች ምን ማድረግ ይችላሉ? መልሱ ከአቅማቸው በላይ አይደለም።

በመጀመሪያ የወቅቱን ሕግ በእጃቸው ማስገባት ይችላሉ። የእህል ዋጋ በአመዛኙ የሚወርደው መኸር ከተሰበሰበ በኋላ በታኅሣሥና በጥር ነው፤ የሚሰቀለውም በክረምት ነው። ይህን ነጋዴው ያውቃል፤ አራጣ አበዳሪውም ያውቃል። የሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ጠንካራ እድር ከአባላቱ በጥር ጥቂት በጥቂት አሰባስቦ ገብስና ስንዴ ቢገዛና በደረቅ ማከማቻ ቢያኖር፣ በነሐሴ ለአባላቱ በገዛበትና ባወጣው ወጪ ብቻ ሊያከፋፍል ይችላል። ደባቂው የሚሠራውን ሥራ ማኅበሩ ሠራው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ትርፉ ለተራበው መመለሱ ነው።

ሁለተኛ፣ እቁብ ለሠርግና ለድግስ ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያ ግዢ ሊውል ይችላል። አምስት ልብስ ሰፊዎች በየወሩ ቢጥሉ በዓመት ውስጥ በየተራ የተሻለ የስፌት መኪና ይኖራቸዋል። የቁጠባና የብድር ማኅበር ደግሞ ለገበሬው በሐምሌ ጥቂት ብር ቢያበድረው እሸቱን ለአራጣ አበዳሪ ከመሸጥ ይድናል። ጠላና አረቄ ጠማቂዋም ሙያዋን ለማሸጋገር የሚያስፈልጋት መነሻ ከዚሁ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ራሱ የእጥረት ነጋዴ እንዳይሆን ሒሳቡ ክፍት መሆን አለበት። በሸማቾች ማኅበር ስም የመጣ ዘይትና ስኳር በጓሮ በር ወጥቶ ለአትራፊ የተሸጠበት ጊዜ አለመኖሩን ማንም አባል ሊምል አይችልም። ስንት ኩንታል እንደገባ፣ ለስንት አባል እንደተከፋፈለና ስንት እንደቀረ በየወሩ በማኅበሩ በር ላይ ሊለጠፍ ይገባል። አባልም «የእኔ ድርሻ ደረሰኝ» ብሎ ዝም ከማለት ይልቅ የጎረቤቱንም ድርሻ መጠየቅ ይኖርበታል።

አራተኛ፣ ኩበቱ እየነደደ ማሳው እንዳይራቆት ጠፍ መሬት ላይ ማገዶ መትከል፣ ቁጠባ ምድጃ መጠቀምና ፍጉን ቢያንስ በከፊል ወደ ማሳ መመለስ ያስፈልጋል። የክፉ ቀን ሥራ ነገን እየበላ እንዳይኖር የሚጠበቀው እንዲህ ባለው አርቆ አስተዋይነት ነው።

ለማጠቃለል፣ ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር አንዳንድ ሥራ መድራቱ አይቀርም። ያንን ልናስቆመው አንችልም፤ ልናስቆመውም አይገባም። በእጃችን ያለው የትኛው እንዲደራ የመወሰን ጉዳይ ነው። በሚጠግነው፣ በሚፈጨው፣ በሚሰፋውና በሚበይደው እጅ ላይ ገንዘባችንን ብናውል የችግሩን ዘመን ከእርሱ ጋር እንሻገራለን። በጥር ጎተራችንን ሳንሞላ ነሐሴ ላይ ብንደርስ ግን የዋጋውን ቃል የሚናገረው ሌላ ሰው ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ብሂል ለጦር ሜዳ ብቻ የተነገረ አይደለም። ለገብስ ጎተራም ይሠራል። የዘንድሮው መኸር በተወቃ ማግስት በየእድራችንና በየማኅበራችን ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ ይኸው ይሁን።